ያውቁ ኖሯል? አንዱ ሁለት ሲሆን

በአንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ምግቡ፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ከተሟላለት በየ20 ደቂቃው ለሁለት እንደሚከፈል ያውቁ ኖሯል? ወንድና ሴት የለም፤ መጋባትም መፀነስም የለም። አንዱ ይረዝማል፣ ወገቡ ይሰረጉዳል፣ ሁለት ይሆናል። የሥነ ሕይወት መምህራን ኢ-ጾታዊ መራቦ የሚሉት ይህንንና ይህን የመሰለውን ሁሉ ነው።

ስሌቱን በኛ ሰዓት እንከተለው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ብቻ ነበረ እንበል። 1 ሰዓት ላይ 8፣ 2 ሰዓት ላይ 64፣ 3 ሰዓት ላይ 512 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ምሳ ሲቀርብ፣ 2,097,152 ደርሷል። 10 ሰዓት ላይ ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። ምንም ሳይገታው እስከ ማግስቱ ንጋት ቢቀጥል ኖሮ ክብደቱ በሺህ ቶን የሚቆጠር በሆነ ነበር። ይህ የማይደርሰው ምግቡ ስለሚያልቅና የገዛ ቆሻሻው ስለሚመርዘው ነው።

ኢ. ኮላይ ዲኤንኤውን ገልብጦ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ታዲያ በ20 ደቂቃ እንዴት ይከፈላል? ይህን ጥያቄ ስወደው እኖራለሁ፤ መልሱ ያምራልና። የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ይጀምራል። ገና አሁን የተወለደችው ሕዋስ ለልጇ የሚሆነው ቅጂ አብሯት መጥቷል፤ ለልጅ ልጇ የሚሆነውም ተጀምሮላታል። መከፈያዋ ሲደርስ ኤፍቲኤስዚ የሚባል ፕሮቲን ወገቧን እንደ መቀነት ዞሮ ይከባትና እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄዶ ለሁለት ያደርጋታል።

ከሁለቱ እናት የትኛዋ ናት? ለረጅም ጊዜ ሁለቱም እኩል አዲስ ናቸው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ፓሪስ ውስጥ ኤሪክ ስቴዋርትና ባልደረቦቹ በማይክሮስኮፕ እየተከታተሉ ሲቆጥሩ ግን አሮጌውን ጫፍ የወረሰችው ሕዋስ ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር ዕድገቷ በጥቂቱ እየዘገየ እንደሚሄድ አዩ። ባክቴሪያም ያረጃል ማለት ነው።

ጠዋት በትልቅ ብረት ድስት ተሠርቶ ከእሳት የወረደ የድግስ ወጥ፣ ሳይሞቅም ሳይቀዘቅዝም እስከ ማታ ሲቆይ ምን እንደሚሆንበት ያውቁ ኖሯል? ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ሥጋው ሲቀቀል ሕዋሱ ይሞታል፤ ጠንካራ ቅርፊት የለበሰው ስፖሩ ግን ከፈላ ወጥ ይተርፋል። ወጡ በርዶ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ጥቂት ከፍ ወዳለ ሙቀት ሲወርድ ይነቃል፤ ያኔ 10 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አንዱ ሁለት ይሆናል። የትልቅ ድስት መሃሉ ደግሞ ያንን ሙቀት አቅፎ ለሰዓታት ይቆያል፤ አየርም አይገባውም፤ ይህ ባክቴሪያ አየር አይስማማውም። በማግስቱ እንግዳው ሁሉ ሆዱን ሲቆርጠው ዘይቱ ይታማል፣ ቅቤው ይታማል። መከላከያው ወጡን በትንንሽና ሰፋ ባሉ ዕቃዎች ከፋፍሎ ቶሎ ማቀዝቀዝ፣ ሲቀርብም እስኪንተከተክ ማሞቅ ነው። ለብ ማድረግ ብቻውን ባክቴሪያውን መቀለብ ይሆናል።

እርሾ ሕያው ነገር መሆኑንስ? ቋንቋችን በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። ከቡኮው ላይ ተጠልሎ ለሚቀጥለው ሊጥ የሚቀመጠው ቢጫማ ውኃ እርሾ ነው፤ በውስጡ ያሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገሶችም እርሾ ናቸው። እነዚህ ፈንገሶች ከላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ጤፉን ያቦኩታል። ባክቴሪያዎቹ ያኮመጥጡታል፤ እርሾዎቹ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ ምጣዱ ላይ ሲያመልጥ የእንጀራው ዓይን ይወጣል። ቡሃቃውን ከፍተው ጆሮዎን ጠጋ ቢያደርጉ ፍስስ የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ የሚፈነዳው አረፋ ነው። ክረምት ላይ ሊጡ የሚዘገየው፣ ቆላ ላይ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚኮመጥጠው፣ የነዚህ ፍጥረታት የመባዣ ሰዓት በሙቀት ስለሚወሰን ነው። እናቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳያዩ ሰዓቱን በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ ብርድ ሲሆን እርሾውን ጨመር፣ ሲሞቅ ቀነስ ያደርጋሉ።

እርሾ እንደ ባክቴሪያ እኩል አይከፈልም፤ ያጎጠጉጣል። ከእናቲቱ ጎን ትንሽ ጉጥ ትወጣለች፤ ታድጋለች፤ ከኒውክሊየሱ አንዱ ቅጂ ይተላለፍላታል፤ ከዚያ ትላቀቃለች። ጠላና ጠጅ የሚያፈላው፣ ዳቦም የሚነፋው ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲየ የሚባለው እርሾ ሲመቸው ይህን በ90 ደቂቃ ይፈጽማል። ልጅ በተለየች ቁጥር ደግሞ በእናቲቱ ገላ ላይ ክብ ጠባሳ ይቀራል። ሊቃውንት የአንዲትን እርሾ የወሊድ ብዛት ጠባሳዋን ቆጥረው ይናገራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ወልዳ ታበቃለች። ጠባሳ በነበረበት ላይ ዳግመኛ አትወልድም።

እንጀራው ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሲያዩ ሻጋታው ገና ጀመረ ማለት አይደለም። አረንጓዴው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ እልፍ አእላፍ ስፖር ነው። ከዚያ በፊት ቀጫጭን ነጭ ክሮቹ ወደ እንጀራው ውስጥ ዘልቀው ሰንብተዋል። ነጥቡን ቆርጦ ቀሪውን መብላት ስለዚህ አያዋጣም። እፍ ብሎ ማራገፍ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ እፍታ ስፖሩን ለሞሰቡ ሁሉ ያዳርሳል።

ከነዚሁ አረንጓዴ ሻጋታዎች አንዱ፣ ፔኒሲሊየም፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1928 ለንደን በሚገኘው ሴንት ሜሪ ሆስፒታል በአሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሳህን ላይ ሳይታሰብ አርፎ ባክቴሪያዎቹን ሲያጠፋ ታየ። ፔኒሲሊን የሚገድለው እያደገ የሚከፈለውን ባክቴሪያ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? መድኃኒቱ ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ግድግዳ የሚሠራው ደግሞ ሲያድግና ሲከፈል ነው። በመከፈል ላይ ያለው ይፈነዳል። ያንቀላፋው ይተርፋል።

ስፖር ሁሉ መራቢያ አይደለም። የሻጋታ ስፖር ዘር ነው፤ አንዱ ሻጋታ ሚሊዮን ይበትናል። የአባሰንጋ ባክቴሪያ ስፖር ግን መሸሸጊያ ነው፤ አንዱ ሕዋስ አንድ ስፖር ብቻ ይሆናል፤ ቁጥሩ አይጨምርም። መሸሸጊያው ግን አይጣል ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1942 ግሩናርድ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ላይ የአባሰንጋን መሣሪያነት ሞከሩ። ደሴቲቱ አፈሯ ታክሞ ለሰው ደኅና ነች የተባለችው በ1990 ነው፤ ከ48 ዓመት በኋላ። በአባሰንጋ የሞተ ከብት አይታረድ፣ አይከፈት የሚባለው ለዚህ ነው፤ ባክቴሪያው ወደ ስፖርነት የሚለወጠው ከሬሳው ወጥቶ አየር ሲያገኝ ነው።

ዋግ በመታው ስንዴ ውስጥ አልፈው ያውቃሉ? ሱሪዎ ከጉልበት በታች የሸክላ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ያ ዱቄት ኢ-ጾታዊ ስፖር ነው። የግንድ ዋግ ፈንገስ የስንዴውን ቆዳ ከውስጥ ቀድዶ ይወጣል፤ ከአንዷ ስንጥቅ በየቀኑ ሺዎች ይረግፋሉ፤ ነፋስ ወደሚቀጥለው ማሳ፣ አንዳንዴም ድንበር አሻግሮ ይወስዳቸዋል። ያረፈው ስፖር በቅሎ በሁለት ሳምንት ግድም ውስጥ የራሱን ዱቄት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘው ዩጂ99 የተባለው የዋግ ዘር በ2003 ኢትዮጵያ ደርሶ ነበር። በ2013 ደግሞ ሌላ የዋግ ዘር ተነሥቶ ብዙ ገበሬ የዘራውን ዲገሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ በአርሲና በባሌ ክፉኛ መታው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዋጉ ራሱን እየገለበጠ ስለሚባዛ፣ አንድ ዝርያ ስንዴ ማጥቃት የቻለው አንድ ስፖር ልጆቹም፣ የልጅ ልጆቹም ሁሉ ያንኑ ይችላሉ። ጎረቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ስንዴ ከዘራ ደግሞ በሩ ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይከፈትለታል። በአንድ ቀበሌ ልዩ ልዩ ዝርያ መዝራት የሚመከረው በምክንያት ነው።

ወባ ላይ ቆየት እንበል።

አንዲት ትንኝ ስትነድፍ የምትተክላቸው ጥገኛ ተሕዋስያን ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ አይበልጡም። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ጉበት ይደርሳሉ። እዚያም እያንዳንዱ አንዲት የጉበት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይሸሸግና ለሁለት ከመከፈል የተለየ ሥራ ይጀምራል። በመጀመሪያ ኒውክሊየሱን ብቻ ደጋግሞ ያባዛል፤ አካሉ አንድ ሆኖ ያብጣል፤ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ይበታተናል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በሳምንት ገደማ ከአንድ ተነሥቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሆኖ ይወጣል። በሽተኛው እስከዚህ ድረስ ምንም አይሰማውም፤ ይበላል፣ ይሠራል፣ ገበያ ይሄዳል።

ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ አንዲት ቀይ የደም ሕዋስ ይይዛል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ16 እስከ 32 ሆኖ ሕዋሷን አፈንድቶ ይወጣል፤ የወጡትም ሌላ ይይዛሉ። ጥርስ የሚያንገጫግጨው ብርድ፣ ቀጥሎም የሚያነደው ትኩሳት፣ እነዚህ ሕዋሳት በአንድነት የሚፈነዱበት ሰዓት ነው። ወባ ቀን እያለፈ ይነሣል የሚባለው ይህንኑ የ48 ሰዓት ደወል ተከትሎ ነው። ጥገኛውን እ.ኤ.አ. በ1880 ኮንስታንቲን በምትባል የአልጄርያ ከተማ ያገኘው ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን ነው፤ ትኩሳቱ ከመፈንዳቱ ጋር የሚገጥም መሆኑን ደግሞ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ አሳየ። ፋልሲፓረም ላይ ደወሉ ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ትኩሳቱ ሊቀላቀል ይችላልና «ቀኑን ጠብቆ አልተነሣም፤ ወባ አይደለም» ብሎ መዘናጋት ያስቀጥፋል።

በአገራችን በብዛት ያለው ሁለተኛው ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ ሌላ ጠባይ አለው። ከፊሉ ጉበት ውስጥ ሳይባዛ ይተኛል። ለሳምንታት፣ ለወራት ይተኛል። አንድ ቀን ይነሣና በሽተኛው አዲስ ትንኝ ሳትነድፈው እንደገና ይታመማል። የደሙን የሚያጸዳው መድኃኒት የተኛውን አይነካውም፤ ፕሪማኩዊን የሚታዘዘው ለዚያ ነው። ትኩሳቱ ስለለቀቀ ብቻ ፕሪማኩዊኑን አቋርጦ መተው የተኛውን በሰላም እንደ ማሳደር ነው። የ48 ሰዓቱ ስሌት በሰው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አገራችን አይታዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል።

አሜባ ያልያዘው ሰው ማግኘት ያስቸግር ይሆናል፤ ታሪኩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ካልታጠበ ሰላጣ ወይም ካልፈላ ውኃ ጋር የሚገባው የአሜባ ዕንቁላል መሰል ክብ ቅርፊት በውስጡ አራት ኒውክሊየስ ይዟል። አንጀት ሲደርስ ቅርፊቱ ይቀደዳል፤ አራት የነበረው ስምንት ሆኖ ይበተናል። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው የተለመደ የክሎሪን መጠን ቅርፊቱን በቀላሉ አይገድለውም። ማፍላት ይገድለዋል። ባልንጀራው ጃርዲያ ደግሞ የታወቀ ታሪክ አለው፤ ሆላንዳዊው የማይክሮስኮፕ ሊቅ አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ እ.ኤ.አ. በ1681 ተቅማጥ ይዞት ሳለ በራሱ ሰገራ ውስጥ አይቶታል።

አንድ የቤት ውስጥ አስተማሪ የእንስሳንና የዕፅዋትን ድንበር እንዳናጋ ያውቁ ኖሯል? አብርሃም ትራምብሌ የጄኔቫ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1740 ሔግ አጠገብ የአንድ መስፍን ሁለት ልጆች ያስተምር ነበር። ከቦይ በተቀዳ ውኃ ውስጥ የጥፍር ስፋት የማትሞላ፣ ክር የመሰለች፣ አረንጓዴ ነገር አየ። ሣር መሰለችው። ቆየት ብሎ ሲያይ ግን ክንዶቿን ታንቀሳቅሳለች፤ ጎንበስ ቀና እያለች ትራመዳለች። ስለዚህ መፈተኛ አበጀ፦ በመቀስ ለሁለት ልቁረጣት፤ እንስሳ ከሆነች ትሞታለች፤ ተክል ከሆነች ትበቅላለች አለ። ቆረጣት። ከቀናት በኋላ ራሱ እግር፣ እግሩ ራስ አብቅሎ ሁለት ሙሉ ሆነው አገኛቸው። ሆኖም ሁለቱም ትል እያጠመዱ ይበሉ ነበር። ራሷን እየሰነጠቀ ሰባት ራስ ያላት አደረጋት፤ በአሳማ ፀጉርም እንደ ካልሲ ገለበጣት፤ ኖረች። ሳይቆርጧትም ከጎኗ ልጅ ታጎጠጉጣለች፤ ልጂቱ ክንድ አውጥታ፣ መብላት ጀምራ፣ ከዚያ ትላቀቃለች። ሊኔየስ በኋላ ራሷ ሲቆረጥ ሌላ በሚያበቅለው የግሪኮች ዘንዶ ስም ሃይድራ አላት። የትራምብሌ መጽሐፍ በ1744 ታተመ። መሣሪያው አንዲት ማጉያ መስተዋት፣ ብርጭቆና መቀስ ነበር፤ ይህን ለተማሪዎች ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

በዚያው በ1740 ሌላው የጄኔቫ ሰው ሻርል ቦኔ አንዲት ክሽክሽ ከተወለደችበት ደቂቃ ጀምሮ ለብቻዋ ዘግቶ ጠበቃት። ወንድ ሳታይ 95 ወለደች። ጎመንዎ ላይ አንድ ሁለት ያዩት ክሽክሽ በሳምንቱ ቅጠሉን የሚሸፍነው ለዚህ ነው፤ በእናቲቱ ሆድ ያለችው ልጅ ራሷ ልጅ ይዛ ትወለዳለች።

ፕላናሪያ የሚባል ጠፍጣፋ የውኃ ትል አለ። ቶማስ ሀንት ሞርጋን ከመቶ ከሚበልጥ ዓመት በፊት ከአካሉ 279ኛ እጅ የምታህል ቁራጭ ሙሉ ትል ልትሆን እንደምትችል ጽፏል። ትሉ መቀስ ባያገኘውም ጅራቱን መሬት ላይ አጣብቆ ራሱን እየጎተተ ለሁለት የሚበጣጠስ ዝርያ አለው።

ዲያቶም የሚባለው የውኃ አልጌ በመስታወት አገልግል ውስጥ ይኖራል። አነጋገር አይደለም፤ ቅርፊቱ ሲሊካ ነው፤ አካልና ክዳን አለው፤ ክዳኑ አካሉን ሸፍኖ ይገጥማል። ሲከፈል አንዱ ልጅ ክዳኑን፣ ሌላው አካሉን ይወርሳል። ሁለቱም የወረሱትን ክዳን አድርገው ከውስጡ የሚገባ አዲስ አካል ይሠራሉ። አካሉን የወረሰው ልጅ እንግዲህ ከወላጁ ያነሰ አገልግል ይሆናል፤ የሱም ልጅ እንዲሁ ያንሳል። ትውልድ በትውልድ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው መጠናቸው ሲያልቅ መከፈሉን ትተው በጾታ ይራባሉ፤ ያኔ ብቻ ትልቅ መጠናቸው ይመለሳል። በመከፈል ብቻ መኖር ለዲያቶም ዕዳ አለው።

በቀይ ባሕር ዓሣ አንጀት ውስጥ በዓይን የሚታይ ባክቴሪያ እንዳለስ? ኤፑሎፒስየም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሲገኝ ከትልቅነቱ የተነሣ ባክቴሪያ ነው ብሎ የገመተ አልነበረም፤ ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ባክቴሪያነቱ የተረጋገጠው በ1993 ነው። ልጆቹ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ያድጋሉ፤ ሲደርሱ ሆዷን ቀድደው ይወጣሉ፤ እሷም በዚያው ታበቃለች።

የቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅና ከሻላ አጠገብ ያለው ጭቱ ሐይቅ አረንጓዴ መልካቸው ስፒሩሊና የሚባል ደቂቅ ፍጥረት ነው። ስፒሩሊና በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የተጠቀለለ ሽቦ ይመስላል። የሚራባው በመበጠስ ነው፤ ከክሩ መሃል አንዳንድ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ክሩ በነሱ በኩል ይበጠሳል፤ ቁራጮቹ ይረዝማሉ። ጭቱ ላይ ፍላሚንጎ የሚሰበሰበው ይህን ሊበላ ነው። በቻድ ሐይቅ ዳር ያሉ የካነምቡ ሴቶች ከውኃው አጥልለው፣ አሸዋ ላይ አድርቀው፣ ዲሄ ብለው ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል።

እንቦጭ ቀላል ፍጥረት ባይሆንም ጣና ላይ የሚያሸንፈን በዚሁ ዘዴ ነው። ዘር አለው፤ ይበልጥ የሚባዛው ግን በውኃው ላይ በሚዘረጋው ሐረግ ጫፍ አዲስ ተክል እያበቀለ ነው። ሲነቀል የቀረች አንዲት ቁራጭ መልሳ ትዘረጋለች። ሰብስቦ ዳር ላይ መተው ስለዚህ ሥራውን ከግማሽ ማቆም ነው።

ዴሎይድ ሮቲፈር የሚባሉ የውኃ ደቂቅ እንስሳት አሉ፤ 450 ያህል ዝርያ ይቆጠራሉ፤ ከሁሉም አንድ ወንድ ተገኝቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 የሩሲያ ሊቃውንት ከሳይቤሪያ የ24,000 ዓመት በረዶ ያወጧት ቀልጣ ነቃች፤ ነቅታም ወለደች።

ራስን የሚገለብጥ ፍጥረት አይለወጥም የሚል ካለ ሪቻርድ ሌንስኪን ይጠይቅ። አሜሪካዊው ሊቅ እ.ኤ.አ. የካቲት 1988 ከአንድ ኢ. ኮላይ የተገኙ 12 ብልቃጥ ባክቴሪያዎችን ማሳደግ ጀመረ። በየቀኑ ከያንዳንዱ ብልቃጥ መቶኛ እጁ ወደ አዲስ ምግብ ይዛወራል፤ በየ500 ትውልዱ ናሙና በበረዶ ይቀመጣል። ዛሬ ከ75,000 ትውልድ አልፏል፤ በሰው ቢሰላ፣ ትውልዱን በ25 ዓመት ብንቆጥር፣ ወደ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በ33,000ኛው ትውልድ ግድም ከ12ቱ አንዱ ብልቃጥ ድንገት ደፈረሰ። ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ አየር ባለበት የማይችለውን ሲትሬት፣ ያ ሎሚ ውስጥ ያለውን፣ መብላት ጀምሮ ነበር። ሌሎቹ አስራ አንዱ አልቻሉም። ሲገለበጥ የተፈጠረ ስሕተት ተደራርቦ ነው ይህን ያመጣው። መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያም መነሻው እንዲሁ ነው፤ አንዱ በስሕተት ያገኘውን ልጆቹ ሁሉ ይወርሱታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ መተው የዚያን አንዱን ተፎካካሪዎች ጨርሶ ሜዳውን ለሱ መልቀቅ ይሆናል።

ፈጣኖቹን አየን፤ ቀርፋፋዎቹ ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፋት አላቸው። የቲቢ ባክቴሪያ አንዴ ለመከፈል ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። አክታን ላቦራቶሪ ውስጥ ዘርቶ ማሳደግ ሳምንታት የሚወስደው ስለዚህ ነው፤ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ እፎይታ የሆነው ማደጉን ሳይጠብቅ ዘረ-መሉን በሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚለይ ነው። የተለመደው ሕክምናም 6 ወር የሚሆነው በአመዛኙ ከዚህ ዘገምተኛነት የተነሣ ነው። በሁለት ወር ሳሉ ይጠፋል፣ ክብደት ይመለሳል፤ ያደፈጡት ግን አሉ።

በሰው ላይ በሽታ ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ከሁሉም የሚዘገየው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነው፤ ሁለት ሳምንት ግድም ይፈጅበታል። ያነጻጽሩት፦ ኢ. ኮላይ 26 ጊዜ ለመከፈል 9 ሰዓት አይሞላውም፤ ይኼኛው ለዚያው አንድ ዓመት ያስፈልገዋል። ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኘው ወዲህ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያሳደገው የለም። ለምርምር የሚያድገው በአይጥ መዳፍና አርማዲሎ በተባለው የአሜሪካ እንስሳ ገላ ውስጥ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ገላ ይስማማዋልና። በሰውም ላይ ጆሮን፣ አፍንጫን፣ እጅና እግርን መርጦ ይይዛል። አዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 በአለርት ሆስፒታል ግቢ ሲቋቋም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሐኪም ነው።

በመዘግየቱም ሰውን ያታልላል። ባክቴሪያው ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይቆያል። ሰው ከየት እንደያዘው ስለማያውቅ እርግማን ነው፣ የዘር ነው ሲል ኖረ፤ በሽተኛውንም ከመንደር አወጣው። እርግማንም ዘርም አይደለም፤ ቀርፋፋ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒቱ ከ6 ወር እስከ 12 ወር ይወሰዳል፤ ሲጀመርም ወዲያው መተላለፉ ይቆማል። በገላዎ ወይም በቤተሰብዎ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሕክምናው በነፃ ነው።